ሁለተኛዋ መርከብ

በሰፈራችን ሁለት ግሪኮች አለን፤ አንዷ በደም፣ አንዷ በአፍ። የአፏ እኔ ነኝ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታሪክ አስተምሬያለሁ። ስለ ባቡሩ ሐዲድ ጀምሬም ቢሆን ደወል ሳይደወል አቴና መድረሴ አይቀርም ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ ፈተና የፈሩ ቀን «ቲቸር፣ ግሪኮች ግን እንዴት ነበር የሚፈርዱት?» ይሉኛል። እኔም ወጥመዱን እያየሁ ዘው እላለሁ። ምን ላድርግ፣ እወዳቸዋለሁ። ንጉሥ ሳይጠራቸው ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ተሰዳድበው፣ በመጨረሻ እጅ ቆጥረው በውሳኔው የሚያድሩ ሰዎች በዚያ በጥንቱ ዘመን መኖራቸው ዛሬም ይደንቀኛል። ደግሞ ሩቅ አይደሉም። ግድግዳችን ላይ የምንሰቅለው ቀን መቁጠሪያ የግዕዝ ቁጥሮቹን ያገኘው ከግሪክ ፊደል ነው። የአክሱም ነገሥታትም በገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ያስጽፉ ነበር። ግሪክ የቆየች ጎረቤታችን ናት ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ድሬ ራሷ ትንሽ አቴና ናት ብዬ አምናለሁ። እዚህ አንቱታ አይበዛም። የአያትህ እኩያ የሆነውን ሽማግሌ «አንተ» ብትለው «ምን ፈለግህ አቦ?» ይልሃል እንጂ አይቆጣም። ከደጋ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይለምደዋል፣ ኋላ አገሩ ሲመለስ አማቱን «አንተ» ብሎ ይጣላል። በአቴና ጉባኤም አዋጅ ነጋሪው መናገር የሚፈልግ ይነሳ ብሎ ሲጣራ ጫማ ሰፊውም ባለ መርከቡም እኩል ይነሳ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ከመጽሐፍ ምሳሌ ፈልጌ አላውቅም። በመስኮቱ ወደ መንገዱ ማየት ይበቃ ነበር።

የደሟ ግሪክ ማዳም ናት። አባቷ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዳቦ ቤት የነበረው ግሪክ፣ እናቷ ከሐርላ በኩል የመጣች ኦሮሞ። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ከባቡር ጣቢያው አንሳለሁ» ትላለች፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይወጣትም። ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም፣ የሴቶቹን ሺቲ፣ የሙሽሮቹን ቀሚስ ስትሰፋ ኖራ ዛሬም ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ግሪኮች በድሬ ሞልተው በነበረበት ጊዜ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ የራሳቸው ትምህርት ቤት፣ የራሳቸው መቃብር ነበራቸው። አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀብረዋል። ስለዚህ ማንኛቸውም ከእኛ እድር አልገቡም፣ እሷም እንደዚሁ። ከዚያ አንዳንዱ ሞተ፣ አንዳንዱ አቴና ሄደ፣ አንዳንዱ አውስትራሊያ ገባ። ማዳም ቀረች። ለምን አልሄድሽም ብዬ ብጠይቃት «አቴና ማን ያውቀኛል? እዚያ እኮ ሐበሻ ነኝ» አለችኝ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ ከአንድ ከባድ ሕመም ከተነሳች በኋላ፣ እድራችሁ አስገቡኝ አለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስትሞት የሰፈሯ ሰው ተሸክሞ አባቷ አጠገብ እንዲያሳርፋት። ቦታው አለ፣ ከአባቷ መቃብር ጎን ተከልሎ ይጠብቃታል። የሌላት ተሸካሚ ነው።

እድራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው፣ እንደ ሰፈራችን። ግን ደንብ አለው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው አዲስ አባል አይሆንም። የደንቡ ጠባቂ ደግሞ ዳኛችን ነው። የባቡር ጡረተኛ ነው። አሮጌው ባቡር መሄድ ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ እሱ ግን እስካሁን በሰዓት ይሄዳል። በድሬ ሙቀት ለስብሰባ ኮት የሚለብስ ሌላ ሰው አላውቅም። የኮቱ የመሐል ቁልፍ ከወደቀ ቆይቷል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ የሚሰፋለት የለም፣ ስፉልኝ ብሎ መጠየቅም አይወድም።

ወሬው እንደተሰማ ዳኛው «አይሆንም» አለ። በግል ላናግረው ሄድኩ።

«ማዳምን እጠላለሁ እንዴ?» አለኝ። «ያን የመጋዘን ዘበኛ ምን አልነው? ዕድሜህ አልፏል ብለን መለስነው። ለድሃው ዘግተን ለማዳም ብንከፍት ምን እንባላለን? ንገሪኛ፣ አንቺ የተማርሽው።»

እውነቱን ነበር፣ ለዚህም የባሰ አናደደኝ።

የኔ ስጋት ሌላ ነበር። በእድራችን ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፣ ሁሉም ከማውጣቱ በፊት የዳኛውን እጅ ያያል። የዳኛው እጅ ከጉልበቱ ካልተነሳ የሌላውም አይነሳም። ይሉኝታ ነው። ሰው ማዳምን እንደሚወድ አውቃለሁ፣ ግን ፍቅሩን ዳኛው ፊት አያወጣውም። እዚህ ላይ ግሪኮቼ ትዝ አሉኝ። የአቴና ፈራጆች ድምፃቸውን በስውር ነበር የሚሰጡት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይፈራ። ሰውን ከጎረቤቱ ዓይን አውጥቶ ከሕሊናው ጋር ብቻውን የሚያስቀምጥ ዘዴ ያገኘ ሕዝብ እንዴት አይደነቅ? በሚቀጥለው እሁድ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ከኒሙ ዛፍ ሥር ስንሰበሰብ ተነሳሁና ምርጫው በስውር ይሁን አልኩ።

«ጀመራት ደግሞ ግሪኳ» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ዳኛው ግን አሰበበትና «ደንቡ አይከለክልም» አለ።

መሣሪያ ጠፋ። ወረቀት ቆርጠን እንዳንጽፍ መጻፍ የማይችል አለ። ማዳም ከተቀመጠችበት ተነሳች፣ ቤቷ ሄዳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ተመለሰች። የሸሚዝ ቁልፍ ሞልቶበታል። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር ቁልፍ አደለች። ነጩ «ትግባ»፣ ጥቁሩ «አትግባ»። የእድሩን ትልቁን የሻይ በራድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። ሰው እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ የፈለገውን ይጥላል፣ የቀረውን ኪሱ ይከታል።

ከምርጫው በፊት ዳኛው ትናገር አለ። ማዳም ቆመች።

«ሁሉን ነገር በራሴ ሠርቼ ኖሬያለሁ» አለች። «ስፌቱን በራሴ፣ ቤቱን በራሴ። ይሄን አንዱን ግን ሰው ለራሱ መሥራት አይችልም። ለሱ ነው የመጣሁት፣ ሌላ የለኝም።»

ተቀመጠች። ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤታችን ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። እኔም ጨረስን፣ አሸነፍን አልኩ በሆዴ።

ሰው አንድ በአንድ ተነሳ። ቁልፎቹ በበራዱ ሆድ ውስጥ ኳ ኳ ሲሉ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ዳኛው በራዱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው።

ጥቁሩ በለጠ። ለክርክር በማይመች ሁኔታ ነው የበለጠው።

ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ትቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። ማዳም መጣች፣ ከጠረጴዛው ላይ ቁልፎቿን እየዛቀች ወደ ቆርቆሮዋ መለሰች፣ ክዳኑን ገጠመች። «ኪሳችሁ የቀረውን በኋላ ታመጡልኛላችሁ» ብላ ሄደች።

እስከ ቤቷ ሸኘኋት። ደጇ ስንደርስ እሷው ተናገረች።

«አንቺ አይደለሽ በስውር ይሁን ያልሽው? ሆነ።»

«ማዳም፣ እኔ…»

«አትዘኚ። ቢያንስ ተጠየቁ» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ቤቴ ገብቼ ግሪኮቹን ሰደብኳቸው። ለነገሩ ስድብ አያጡም። ሴት ጉባኤያቸው አትገባም፣ ባሪያ አይገባም፣ እናቱ የውጭ ሰው የሆነችበትም በኋላ በወጣ ሕጋቸው ዜጋ አይደለም። ያንን ሁሉ ዓመት ሳወድሳቸው የኖርኩት እኔ ደጅ እቀር ነበር። ማዳምም በአባቷ አገር ሕግ ከእኔ ጎን ደጅ ትቀር ነበር። አሁን ደግሞ ያቺው የስውር ምርጫቸው ሰዉን ከይሉኝታ ስታወጣው ከርኅራኄም አብራ አወጣችው። እጅ ቢወጣ ኖሮ ማን ነው ያቺን አሮጊት ፊት ለፊት እያየ እምቢ የሚላት? እንዲህ እየተብከነከንኩ ሳለ ነው አንዲት የአቴና መርከብ ትዝ ያለችኝ። ተነስቼ ሳይመሽ ዳኛው ቤት ሄድኩ።

ደጁ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል፣ ሽርጥ አገልድሟል። ኮቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል።

«ልትጨቀጭቂኝ ከሆነ ተመለሽ፣ በድምፅ ተወስኗል» አለኝ።

«ታሪክ ልነግርህ ነው።»

«እሱም ያው ነው» አለ፣ ግን በርጩማውን ጠጋ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

ነገርኩት። አንዲት የደሴት ከተማ በአቴናውያን ላይ አመፀች። ጉባኤው በንዴት ተሰብስቦ የከተማዋ ወንዶች በሙሉ ይገደሉ፣ ሴቱና ሕፃኑ ባሪያ ይሁን ብሎ በድምፅ ወሰነ፣ ትእዛዙን የያዘች መርከብም ተነሳች። በማግስቱ ሲነጋ ግን ሰዉ ያደረገው ነገር ከበደው። እንደገና ተሰበሰቡ። ውሳኔ ውሳኔ ነው፣ በየቀኑ የሚለዋወጥ ሕግ አገር ያጠፋል ያለም ነበር፣ ያሉትም ሞኞች አልነበሩም። ዳኛው እዚህ ላይ ራሱን ነቀነቀ። ተከራከሩ፣ እጅ አወጡ፣ በጥቂት እጅ ብልጫ የትናንቱን ሻሩት። ሁለተኛ መርከብ ላኩ። የፊተኛዋ ቀዛፊዎች የሚሄዱበት ጉዳይ ስላስጠላቸው አልቸኮሉም፣ የኋለኛዋ ቀዛፊዎች ግን በወይንና በዘይት የተለወሰ በሶ እየጎረሱ ቀዘፉ፣ ተራ በተራ እየተኙ ቀዘፉ።

«ለኔ የግሪኮች ትልቁ ነገር ምርጫው አይደለም» አልኩት። «ያን ማለዳ ተመልሰው መሰብሰባቸው ነው። ተሳስተናል ለማለት ጉባኤ የጠራ ሕዝብ ነው የማደንቀው።»

ዳኛው እንደ ባቡር ሠራተኛነቱ ጠየቀኝ።

«ሁለተኛዋ መርከብ ደረሰች?»

«ደረሰች።»

«ስንት ሰዓት ቀድማ?»

«መቅደሙንስ አልቀደመችም። ትእዛዙ ተነቧል፣ ሊፈጽሙት ሲሉ ነው የደረሰችው። የአመፁ መሪዎች አልተረፉም፣ ከተማዋ ግን ተረፈች።»

«አርፍዳም ትጠቅማለች ማለት ነው» አለና በርጩማውን አንስቶ ገባ። ደህና እደሪ እንኳ አላለኝም።

ሲነጋ ጡሩምባ ተነፋ።

የእድር ጡሩምባ ምን ማለት እንደሆነ ለሰፈራችን ሰው አይነገረውም። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ነፊያችንም በሥራ ዘመኑ ለሞት እንጂ ለሌላ ነፍቶ አያውቅም። ከጡሩምባው አስከትሎ በዚያ በለመድነው የሐዘን ድምፁ «ማዳም ደጅ! የእድሩ ሰው በሙሉ ወደ ማዳም ደጅ!» አለ።

ገደልናት አልኩ። ቃሉ ከአፌ በድምፅ ወጣ። ነጠላዬን እንዴት እንዳዘቀዘቅኩት አላስታውስም፣ አንድ እግር ጫማዬን ግን መንገድ ላይ ጥዬ እንደሮጥኩ ኋላ ፈልጌ ሳጣው አውቄዋለሁ። ከየበሩ ሰው ይፈሳል። ወንዶቹ ዕቃ ቤቱን ከፍተው የድንኳኑን እንጨት ተሸክመዋል። ሴቶቹ ድስትና በራድ ይዘዋል፣ ትናንት ቁልፍ የጣልንበትን በራድ ጭምር። የቀፊራዋ ጎረቤቴ ደረቷን እየመታች «ያ ረቢ! ምን አደረግን! ምን አደረግን!» ትላለች። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ያ እድር ያልገባው ዘበኛ ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ በሩ ስር ቆሟል።

ለቅሶው ደጁ ላይ ገነነ። በሩ ተከፈተ።

ማዳም ሜትሯን ከአንገቷ እንዳንጠለጠለች፣ አፏ ውስጥ ሁለት መርፌ እንደነከሰች ብቅ አለች። ግራና ቀኝ አየችን። መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች።

«ማን ሞተ?»

የቀፊራዋ ሴት እንባዋ በጉንጯ እየወረደ «አንቺ ነሻ!» አለቻት።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። የማውቀው ማዳም የበሩን መቃን ይዛ እስክትንበረከክ መሳቋን፣ እኛም እየሳቅን እያለቀስን ደጁ ላይ መተቃቀፋችንን ነው። የቀፊራዋ ሴት ከሁሉም ቀድማ ዘልላ የማዳምን እጅ ያዘች፣ ከቦርሳዋ አንድ ነገር አወጣችና መዳፏ ላይ አኖረችው።

«ወላሂ እኔ ላንቺ ነበርኩ ማዳም! ይኸው ምስክሬ፣ ነጩ ቁልፍ!»

ማዳም ቁልፉን አገላብጣ አየችው። «ነጩ አንቺ ጋ ከቀረ» አለች ረጋ ብላ፣ «በራዱ ውስጥ የገባው የቱ ነው?»

ከሴትዮዋ ኋላ ነጭ ቁልፋቸውን ለማሳየት ያወጡ ብዙ እጆች ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው ሲመለሱ አየሁ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት፤ አቴናውያን ሁለት ዕቃ ነበራቸው፣ አንዱ ለሚቆጠረው ድምፅ፣ አንዱ ለተረፈው። ያን ሁሉ ዘመን አስተምሬው ሁለተኛውን በራድ ረስቼዋለሁ።

«ሌላው ይሰጥሻል ብዬ ነው» አለች ሴትዮዋ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ። «ሁሉም ነጭ ይጥልልሻል፣ እኔ አንዷን ለደንቡ ክብር ልጣል ብዬ። አቦ፣ እኔ ብቻ መስሎኝ!»

ዙሪያውን ራሱን ያልነቀነቀ ጥቂት ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ለካ እምቢታም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን እምቢታ ተከፋፍለን፣ ቀልሎን፣ ቤታችን ይዘነው ገብተናል።

ዳኛው በሰዓቱ ደረሰ፤ ኮቱን ለብሷል። የድንኳኑን እንጨት አየ፣ ድስቱን አየ፣ ነጠላችንን አየ።

«እኔ የጠራሁት ለስብሰባ ነው» አለ። «ድንኳን ማን አምጡ አላችሁ?»

እንጨት የተሸከሙት እርስ በርስ ተያዩ።

«ትናንት አንቀብራትም ብላችሁ ወስናችኋል። ታዲያ ዛሬ ማንን ልትቀብሩ መጣችሁ?»

እንዲህ ያለ ንግግር ለአቴና ጉባኤም ይበቃል። አንገታችንን ደፋን። እሱም ብዙ አላቆየንም። የዕድሜው ደንብ ይሻር፣ ለማዳምም ለዘበኛውም ለሌላውም ይሻር የምትሉ እጅ አውጡ አለ፣ የራሱን ግን አላወጣም፤ ማንም እንዳያየው እጆቹን ኪሱ ከተተ። አያስፈልግም ነበር። የማንንም እጅ ሳናይ አወጣን። ድንኳን የተሸከሙት እንጨቱን መሬት ጥለው አወጡ። ዘበኛው አባል አይደለም፣ እሱም አወጣ፣ የከለከለው የለም።

ማዳም አመሰግናለሁ አላለችም። ገብታ የብስኩት ቆርቆሮዋን ይዛ ወጣችና «በሉ ቁልፎቼን» አለች።

ተሰለፍን። አንገቱን ደፍቶ ነጭ የማይጥል ጥቂት ነበር። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ አልፎ አልፎ አንድ ጥቁር። እኔ ጥቁሬን ስጥል ጥቅሻ ሰጠችኝ። የመጨረሻው ዳኛው ነበር። እጁን ከኪሱ አውጥቶ በፍጥነት ቆርቆሮው ላይ ዘረጋ፣ ለማንም እንዳይታይ። አጠገቧ ስለነበርኩ አየሁት። ጥቁር ነበር። ያ ሁሉ ሰው ጥቁሩን በጣለበት በራድ ውስጥ፣ አይሆንም ሲለን የከረመው ሰው ነጩን ጥሏል። ደንቡን እጁ በሚታይበት ቦታ ጠበቀ፣ ልቡን ግን በማይታይበት ሰጣት። ግሪኮቼን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የስውር ምርጫቸው ከሁሉም ነፃ መውጣት የነበረበትን አንድ ሰው ነፃ አውጥቶ ነበር።

ማዳም ለማንም አልተናገረችም። ጥቁሩን ቁልፍ ከቆርቆሮው ውስጥ ለይታ በሁለት ጣቶቿ ያዘችና ኮቱን አየች።

«ና ግባ» አለችው። «የመሐሉ ጎድሎብሃል።»

«ግድ የለም» አለ።

«አውልቅ እኮ ነው የምልህ።»

አወለቀ። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ሲያወራ እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ ሰፋችለት። ቁልፉ ዛሬም ኮቱ ላይ አለ። የተሰፋው በነጭ ክር ነው። ጥቁር ክር አልቆባት እንደነበር ትናገራለች፤ ያን ዕለት ግን ጥቁሩ ክር የስፌት መኪናዋ ላይ ተጠምጥሞ አይቼዋለሁ።